ዲቴክተሩ ከመጮሁ በፊት

በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ ኪዮዋ በሚባለው አውራጃ፣ ድንጋይ ራሱ ብርቅ ነው። አገሩ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ገበሬ ቀኑን ሙሉ ሲያርስ ውሎ ማረሻው አንድ ጠጠር ላይነካ ይችላል። በ1880ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደዚህ ሜዳ የመጡ ሰፋሪዎች ግን አልፎ አልፎ አንድ እንግዳ ነገር ያጋጥማቸው ነበር፦ ጥቁር፣ ዝገት የለበሰ፣ ለመጠኑ ከሚገባው በላይ የሚከብድ ድንጋይ። ድንጋይ በሌለበት አገር ከባድ ድንጋይ ሥራ አያጣም። አንዱ የድርቆሽ ክምሩን ነፋስ እንዳይበትንበት ጫነው፤ ሌላው የዝናብ ውኃ በርሜሉን መክደኛ አጸናበት።

ከሰፋሪዎቹ አንዷ ኤላይዛ ኪምበርሊ ግን ድንጋዮቹን ስታይ ሌላ ነገር ታሰባት። ልጅ ሳለች፣ አዮዋ ውስጥ ተማሪ እያለች፣ የሰማይ ድንጋይ አይታ ነበር ይባላል። ያ ትዝታ ካንሳስ ድረስ አብሯት መጣ። ስለዚህ ማረሻ ያወጣውን ጥቁር ድንጋይ ሁሉ ቤቷ አጠገብ መከመር ጀመረች። ባሏ አልጣመውም፤ ጎረቤት ሳቀባት። እሷ ግን ክምሩን እያሳደገች፣ የሚያውቅ ሰው መጥቶ እንዲያይላት ደብዳቤ ትጽፍ ነበር። አምስት ዓመት ያህል ማንም አልመጣም።

በ1890 ቶፔካ ከሚገኘው ዋሽበርን ኮሌጅ ፍራንሲስ ክራጊን የተባለ ፕሮፌሰር መጣ። ክምሩን አገላብጦ አየና የሴትዮዋ ግምት ልክ መሆኑን አረጋገጠ። የተወሰኑትን ገዛ፤ ሌሎች ገዢዎችም ተከተሉት። ኪምበርሊዎች ከሽያጩ ባገኙት ገንዘብ የእርሻቸውን ዕዳ እንደከፈሉ ይነገራል። ይስቅ የነበረው ጎረቤትም የበርሜሉን መክደኛ ደግሞ ደጋግሞ ሳያየው አልቀረም።

ድንጋዩ ዛሬ ብሬነም በሚል ስም ይታወቃል። ዓይነቱ ፓላሳይት ነው፦ በብረትና ኒኬል ድር መካከል ቢጫ አረንጓዴ የኦሊቪን ክሪስታሎች የተሰገሰጉበት። በስሱ ተቆርጦ ብርሃን ሲያልፍበት ባለቀለም የመስታወት መስኮት ይመስላል። ከሜትዮራይቶች ሁሉ ብርቅ ከሚባሉት አንዱ ነው።

ስለ ሜትዮራይት ፍለጋ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ማሽኑ ነው፤ ስንት ሜትር ጠልቆ ይሰማል፣ ስንት ያወጣል። የዚህ መሬት ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያሳየናል። ማሽን ወደ ብሬነም የመጣው ኤላይዛ ክምሯን ከሠራች ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ማሽኑ የመጣውም እሷ ምን መፈለግ እንዳለበት ቀድማ ስላሳየች ነው።

ሊቃውንቱም ይስቁ ነበር

ኤላይዛ ላይ መሳቁ ብዙም አይገርምም። ከእሷ መቶ ዓመት በፊት የአውሮፓ ሊቃውንትም ድንጋይ ከሰማይ ወረደ የሚል ገበሬ ሲሰሙ ይስቁ ነበር። በ1794 ኤርንስት ክላድኒ የተባለ ጀርመናዊ የፊዚክስ ሰው፣ ሳይቤሪያ ውስጥ ስለተገኘ ትልቅ የብረት ክምር መጽሐፍ አሳተመ። ብረቱን ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው ፒተር ፓላስ የተባለ ተጓዥ ሊቅ ነበር፤ ፓላሳይት የሚለው ስምም የመጣው ከእሱ ነው። ክላድኒ ብረቱ ከምድር ውጭ የመጣ ነው አለ። ብዙዎች አላመኑትም።

ነገሩን የለወጠው በ1803 ሚያዝያ ወር በፈረንሳይ ሌግል ከተማ አካባቢ የወረደው የድንጋይ ዝናብ ነው። ከሦስት ሺህ የማያንሱ ድንጋዮች ወረዱ። መንግሥት ዣን ባቲስት ቢዮ የተባለ ወጣት ሳይንቲስት ላከ። ቢዮ ያደረገው ነገር ቀላል ነበር፦ ከመንደር መንደር ዞሮ ሰዎችን ጠየቀ፤ የተናገሩትን እርስ በርስ አመሳከረ፤ ድንጋዮቹ የወደቁበትን ቦታ መዘገበ። ማን የት ሆኖ ምን እንደሰማ ሲገጣጠም ክርክሩ አበቃ። የሜትዮራይት ሳይንስ እግሩን የተከለው ገበሬን በማዳመጥ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም።

ለነገሩ ብሬነምንም ቢሆን ነጭ ሰፋሪዎች አይደሉም መጀመሪያ ያወቁት። ከካንሳስ በጣም ርቆ፣ ኦሃዮ ውስጥ፣ የሆፕዌል ባህል ሰዎች በሠሯቸው ጥንታዊ የአፈር ጉብታዎች ውስጥ የፓላሳይት ብረት ተገኝቷል። ኬሚስትሪውን የመረመሩ ሰዎች ምንጩ ብሬነም ሳይሆን እንደማይቀር ደምድመዋል። ማረሻ ካንሳስን ከመንካቱ ከሺህ ዓመት በፊት አንድ ሰው ይህን ድንጋይ አንስቶ «ይሄ እንደሌላው አይደለም» ብሏል ማለት ነው።

ማሽኑ ከየት መጣ

የብረት መፈለጊያ ማሽን ታሪኩ የሚጀምረው ከውድቀት ነው። በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በጥይት ተመቱ፤ ጥይቱ ሰውነታቸው ውስጥ ቀረ። የስልክ ፈልሳፊው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በኤሌክትሪክ ብረት የሚፈልግ መሣሪያ ሠርቶ አልጋቸው ድረስ መጣ። መሣሪያው ድምፅ ሰጠ፤ ጥይቱ ግን አልተገኘም። ሐኪሙ እንዲፈተሽ የፈቀደው ጥይቱ የሌለበትን ጎን ነበር፤ የአልጋው የብረት ስፕሪንግም ድምፁን ሳያውከው አልቀረም ተብሏል። ፕሬዚዳንቱ በመስከረም ወር ሞቱ። ማሽኑ ብረት መስማቱን ሰምቷል፤ የትኛውን ብረት እንደሚሰማ ግን አያውቅም ነበር። ይህ ድክመት እስከ ዛሬ አለ።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በማሽኑ ጫፍ ባለው ክብ ውስጥ የሽቦ ጥቅልል አለ። በጥቅልሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲመላለስ መሬት ውስጥ የሚዘልቅ የማግኔት መስክ ይፈጥራል። መስኩ ብረት ሲያገኝ በብረቱ ውስጥ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ አዙሪቶች ይነሳሉ፤ እነሱ ደግሞ በተራቸው የራሳቸውን መስክ ይመልሳሉ። ማሽኑ ያንን መልስ ወደ ድምፅ ይለውጣል። ጩኸቱ የሚነግረን ነገር ቢኖር «እዚህ የሚመልስልኝ ነገር አለ» የሚለውን ብቻ ነው። ቆርኪ ይሁን፣ የማረሻ ስባሪ ይሁን፣ የሰማይ ድንጋይ ይሁን እሱ አያውቅም።

መሣሪያውን ያበሰለው ጦርነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዩሴፍ ኮሳትስኪ የተባለ የፖላንድ መኮንን፣ አንድ ወታደር ተሸክሞ የሚሄድበት ፈንጂ መፈለጊያ ሠራ። በ1942 መሣሪያው በግብፅ ኤል አላሜይን በረሃ ለእንግሊዝ ጦር መንገድ ከፈተ። ጦርነቱ ሲያበቃ ፈንጂ ይፈልግ የነበረው ቴክኖሎጂ ሌላ ሥራ አገኘ። በ1947 ሩቅ ምሥራቅ ሩሲያ ውስጥ በሲኮቴ አሊን ተራሮች ላይ የብረት ዝናብ ሲወርድ፣ የሶቪየት ተመራማሪዎች ቁርጥራጮቹን ለመፈለግ የጦር ሠራዊት ፈንጂ መፈለጊያ ይዘው ጫካ ገብተዋል።

ብሬነም ላይስ? በመካከሉ ሃርቪ ኒኒንገር የሚባል ሰው አለ። በካንሳስ ማክፈርሰን ኮሌጅ ባዮሎጂ ያስተምር ነበር። በኅዳር 1923 አንድ ምሽት ሰማዩን አቋርጦ የሄደ የእሳት ኳስ አየና ሕይወቱ አቅጣጫ ቀየረ። ኒኒንገር ከማሽን በፊት የተጠቀመበት ዘዴ ትምህርት ነበር። ከትንንሽ ከተሞች ወደ ትንንሽ ከተሞች እየዞረ፣ ትምህርት ቤትና የገበሬ ስብሰባ እየገባ፣ የሰማይ ድንጋይ ምን እንደሚመስል አሳየ፤ ለሚያመጣለትም እከፍላለሁ አለ። ሰዎች ለዓመታት የበር ማቆሚያ ያደረጉትን ድንጋይ እየተሸከሙ መጡ። በኪምበርሊዎች እርሻ ላይ ደግሞ ሰዉ ጎሽ የተንከባለለበት ጉድጓድ ነው ብሎ የተወውን ጎድጓዳ ቦታ አየና ተጠራጠረ። በ1933 ተቆፈረ። የሜትዮራይት ጉድጓድ ሆኖ ተገኘ፤ በዓለም ላይ ካሉት እጅግ ትንንሾቹ አንዱ ነው።

ከዚያ ማሽኑ መጣ። በ1949 ስቶክዌል የተባለ ፈላጊ በዲቴክተር ተመርቶ 450 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ፓላሳይት ከዚያው አካባቢ አወጣ። በ2005 ደግሞ ስቲቭ አርኖልድ ሰፊ ዲቴክተር በተሽከርካሪ እየጎተተ ማሳውን አሰሰና፣ ከሁለት ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ 650 ኪሎ የሚመዝን አንድ ክምር አገኘ። ዜናው ዓለምን ዞረ። ግን ሁለቱም የፈለጉት ኤላይዛ ክምሯን በሠራችበት አካባቢ ነው። የት መፈለግ እንዳለባቸው የነገራቸው ማሽኑ አይደለም።

ጩኸቱና ድንጋዩ

ማሽኑ ሌላም ጉድለት አለው፦ አድሏዊ ነው። ሲወድቁ ታይተው ከሚለቀሙት ሜትዮራይቶች መቶ ውስጥ ዘጠና አራቱ ያህል የድንጋይ ዓይነት ናቸው። ንጹሕ ብረቶቹ አምስት ያህል፣ ብሬነምን የመሳሰሉት የድንጋይና የብረት ቅልቅሎች ደግሞ አንድ ያህል ብቻ ናቸው። ዲቴክተር ግን ጎልቶ የሚሰማው ብረቶቹን ነው። አብዛኞቹ የድንጋይ ዓይነቶች ውስጣቸው የብረት ፍንጣሪ ስላላቸው ደካማ ድምፅ ይሰጣሉ። ከጨረቃ ተፈናጥሮ የመጣ ድንጋይ ላይ ግን ማሽኑን ይዞ ቢያልፉ ዝም ሊል ይችላል።

ለዚህ ከሱዳን የተሻለ ምሳሌ የለም። በጥቅምት 2008 የሥነ ፈለክ ሰዎች አራት ሜትር ገደማ ስፋት ያለው አስትሮይድ ወደ ምድር ሲመጣ አዩ። ከመውደቁ በፊት በሰማይ ላይ ሲታይ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሃያ ሰዓት ያህል ቆይቶ በኑቢያ በረሃ ሰማይ ላይ ፈነዳ። በታኅሣሥ ወር የካርቱም ዩኒቨርሲቲው ሙአዊያ ሻዳድና ከአሜሪካ የመጣው ፒተር ጄኒስከንስ ተማሪዎችን ይዘው ወደ በረሃው ወጡ። ተማሪዎቹ ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ተጓዙ። ፈዛዛው አሸዋ ላይ ጥቁር ነገር ሲያዩ ይጠራሉ። በዚህ መንገድ በተደጋጋሚ ጉዞ ከአሥር ኪሎ በላይ የሚመዝኑ 600 ገደማ ቁርጥራጮች ተለቀሙ። ድንጋዩ በአቅራቢያው ባለ የባቡር ጣቢያ ስም አልማሃታ ሲታ ተባለ፤ «ጣቢያ ስድስት» ማለት ነው። ዋናው መሣሪያ የተማሪ ዓይን ነበር።

እሺ፣ ማሽኑ ጮኸ እንበል፤ ወይ ዓይን አየ። ያገኘነው ነገር የሰማይ ድንጋይ መሆኑ በምን ይታወቃል?

መጀመሪያ ክብደቱ። ንጹሕ የብረት ሜትዮራይት ከእኩል መጠን ውኃ ስምንት እጥፍ ገደማ ይመዝናል፤ ተራ ድንጋይ ሦስት እጥፍ እንኳ አይሞላም። ቀጥሎ ቆዳው። አየር ውስጥ ሲነድ የመጣ አዲስ ድንጋይ እንደ እንቁላል ቅርፊት የሳሳ ጥቁር ልባስ አለው፤ ብረቶቹ ላይ ደግሞ ሊጥ በአውራ ጣት የተጫነ የሚመስል ጎድጓዳ ምልክት ይታያል። ሦስተኛ ቀዳዳ። ድንጋዩ እንደ እንጀራ ዓይን ዓይን ካለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወይም የብረት አር የመሆኑ ነገር ሰፊ ነው። አራተኛ፣ ያልተወለወለ የሴራሚክ ጀርባ ላይ ሲፋቅ ቀይ መስመር ከተወ ሄማታይት፣ ጥቁር ከተወ ማግኔታይት መሆኑን ጠርጥሩ፤ ሜትዮራይት ብዙውን ጊዜ መስመር አይተውም። አምስተኛ፣ ጥጉ ትንሽ ተሞርዶ ሲታይ የሚያብረቀርቅ የብረት ነጠብጣብ መኖሩ።

የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ግን ላቦራቶሪ ነው፤ የሚፈልገውም በዋናነት ኒኬልን ነው። የሰማይ ብረት ኒኬል አያጣም፤ ብዙውን ጊዜ ከመቶ አምስት እጅና ከዚያ በላይ። ብዙዎቹ ብረቶች ተቆርጠው አሲድ ሲነካቸው እርስ በርሱ የተጠላለፈ የብረት ጥልፍ ይወጣቸዋል። ቪየና ውስጥ በ1808 ባየው ሰው ስም የቪድማንሽቴተን ጥልፍ ይባላል። ጥልፉ እንዲወጣ ብረቱ በሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ መቀዝቀዝ አለበት። እንዲህ ያለውን ብረት ምድር ላይ አቅልጦ ማስመሰል የሚችል አንጥረኛ የለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ። ብዙ ሰው ያገኘውን ድንጋይ ለመፈተን ኃይለኛ ማግኔት ይለጥፍበታል። ይሄ ጉዳት አለው። አንዳንድ ድንጋይ በተወለደበት ቦታ የነበረውን የማግኔት መስክ መዝግቦ ይዟል፤ ኃይለኛ ማግኔት ያንን መዝገብ በአንድ ንክኪ ይሰርዘዋል። ቢሊዮን ዓመታት የቆየ ማስረጃ እኛ ኪስ ውስጥ ባለ ማግኔት ሊጠፋ ይችላል።

ያወቀው ማን ነው፣ የወሰደውስ?

ክራጊን ወደ ኪምበርሊ ቤት በመጣበት በዚያው 1890 ዓመት፣ ግንቦት ላይ፣ አዮዋ ውስጥ ፎረስት ሲቲ አጠገብ 30 ኪሎ የሚመዝን ሜትዮራይት በአንድ ሰው መሬት ላይ ወደቀ። ሌላ ሰው ቆፍሮ አወጣውና በ105 ዶላር ሸጠው። የመሬቱ ባለቤት ከሰሰ። በ1892 የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት «መሬት ውስጥ የገባ ድንጋይ የመሬቱ አካል ነው፤ ያገኘው ሰው ሳይሆን ባለመሬቱ ነው ባለቤቱ» ሲል ፈረደ። አርኖልድ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ከገበሬዎች ጋር ተዋውሎ የፈለገው እንዲህ ያለ ሕግ ስላለ ነው።

ሕግና ተቋም በሌለበት ግን ነገሩ ይለያል። ግሪንላንድ ውስጥ የኢኑይት ሕዝብ ለዘመናት ከሦስት የሰማይ ብረቶች እየፈለጠ ቢላና የጦር ጫፍ ይሠራ ነበር። በ1894 አሜሪካዊው አሳሽ ሮበርት ፒሪ የአካባቢው ሰው መርቶት ቦታውን አየ። ከዚያ በኋላ ሦስቱንም በመርከብ ጭኖ ወሰዳቸው። ትልቁ ብቻውን ከ30 ቶን በላይ ይመዝናል። በ40 ሺህ ዶላር ተሸጠው ዛሬ ኒውዮርክ ሙዚየም ውስጥ ይገኛሉ።

ወደ እኛ ሰፈር ስንመጣ ደግሞ የኤል አሊ ድንጋይ አለ። ሶማሊያ ውስጥ በሂራን ነው ያለው ቦታ፤ ከባሌ ተራሮች ተነስቶ የሚወርደው ዋቢ ሸበሌ የሚያልፍበት አገር፣ ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ጋር የሚዋሰን። እዚያ ያሉ አርብቶ አደሮች 15 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ብረት ከአምስት ትውልድ በላይ ያውቁታል። ቢላ ይስሉበት ነበር፤ በዘፈንና በግጥም ያነሱታል። ስሙንም በሶማሊኛ የብረት ድንጋይ ብለውታል። ሜትዮራይት መሆኑ ለውጭው ዓለም የታወቀው በ2020 ነው። ካናዳ የሚገኘው የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከእሱ የተቆረጠ 70 ግራም ቁራጭ መርምረው፣ በተፈጥሮ ታይተው የማያውቁ ማዕድናት እንዳገኙ በ2022 አስታወቁ። አንዱ በድንጋዩ ስም ኤላሊያይት ተባለ። ድንጋዩ ራሱ ግን ያኔ አገሩ አልነበረም፤ ለገዢ ተፈልጎለት ወደ ቻይና ተጭኖ ሄዷል።

እዚህ ላይ የጎደለው እውቀት አይደለም። እረኞቹ ድንጋዩን ከማንም በፊት ያውቁታል። የጎደለው እንደ ክራጊን በር አንኳክቶ የሚመጣ፣ መዝግቦ የሚያስቀምጥ፣ ለአገሩ የሚያስቀር አካል ነው።

ይሄ ነገር ለኢትዮጵያም ይመለከታታል። ዛሬ በትግራይም በቤኒሻንጉልም ወርቅ ፈላጊዎች ዲቴክተር ይዘው መሬት ያስሳሉ። ወርቅ የሚፈልግ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ማሽኑን ብረትን እንዲንቅ አድርጎ ያስተካክለዋል፤ ብረት ለእሱ ሚስማርና ቆርቆሮ ነውና። ስለዚህ የሰማይ ብረት ቢኖር እንኳ ማሽኑ ራሱ ዝም ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ ቢቆፈርም ሊወረወር ይችላል። በሌላ በኩል ደጋው አገራችን በ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ባለው ባዛልት የተሸፈነ ነው። ባዛልት ማግኔታይት ስላለው ማሽኑን ያለ ጉዳዩ ያስጮኸዋል፣ ማግኔትም ይስባል። «የሰማይ ድንጋይ አገኘሁ» የሚል ሰው እጅ ላይ ያለው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ወይም የጥንት ብረት አቅላጮች የጣሉት የብረት አር ነው። ጦርነት ባለፈበት መሬት ደግሞ የሚጮኸው ያልፈነዳ ነገር ሊሆን ስለሚችል፣ እዚያ ዲቴክተር ይዞ መቆፈር በሕይወት መጫወት ነው።

እነዚህን ሁሉ ለይቶ ለማወቅ ውድ ማሽን አያስፈልግም። ኤላይዛን የለያት በልጅነቷ ያየችው ድንጋይ ነበር፤ የካርቱም ተማሪዎችንም የመራቸው ምን እንደሚፈልጉ ያወቀ ዓይናቸው ነው። አንድ እውነተኛ ቁራጭ በሳይንስ ክፍል ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ቢዞር፣ ክብደቱን በመዳፉ የቀመሰ ልጅ ሃያ ዓመት ቆይቶ ማሳ ላይ፣ መንገድ ሥራ ላይ ወይም ወርቅ ፍለጋ ላይ ያስታውሰዋል።

ስቶክዌል ያወጣው ፓላሳይት ለብዙ ዓመታት ግሪንስበርግ በምትባል ትንሽ የካንሳስ ከተማ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጦ ነበር። በግንቦት 2007 ከተማዋን አውሎ ነፋስ መታት፤ ከሞላ ጎደል በሙሉ ፈረሰች። ሙዚየሙም ፈረሰ። ሕዝቡ ቤቱን አጥቶ ሳለ 450 ኪሎ ዝገት የለበሰ ድንጋይ ከፍርስራሹ ጋር ተጠርጎ ቢሄድ ማን ይፈርድበት ነበር? ግን ከፍርስራሹ ውስጥ ተገኘና ተነሳ። ዛሬ እዚያው ከተማ፣ በአዲስ በተሠራው ሙዚየም ውስጥ ነው። ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነበረው።